የምርኮኛውን የልብ ምት ለሚቆጥሩ ልጆቼ

አንድ የነርስ ተማሪ እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለው ቤቴ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የተማረከው ወታደር ፈንጂው የት እንደተቀበረ ያውቃል እንበል። ነገ ጠዋት ወንድሞቻችን በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ገርፎ ማናገር ኃጢአት ነው ወይስ ግዴታ?» በጨዋነት ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ወሬውን ወደ ሌላ ወስጄ ሸኘሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ለእርሱም፣ በጤና ሙያ ለምትማሩ እኩዮቹም እጽፋለሁ።

በደርግ ዘመን በጦር ግንባር የሕክምና ረዳት ነበርኩ። የግንባሩንም የክፍሉንም ስም አልጠራም፤ በዚያ የነበሩ ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ። ድንኳናችን ደረቅ ወንዝ ዳር ነበር። አንድ ማለዳ ውኃ ሊቀዳ የሄደ ቦቴ ፈንጂ ላይ ወጥቶ ሾፌሩና ረዳቱ ሞቱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ምርኮኛ ተያዘ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ የእኔም ጢም ገና አልወጣም ነበር። እጆቹ ከክርኑ በላይ የኋሊት ታስረው ስለቆዩ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

መርማሪው መቶ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እናንተ ገራፊ ሲባል ከፊቱ የሚታወቅ አውሬ ይመስላችኋል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት ወታደሮች ማታ ማታ በፋኖስ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው እርሱ ነበር። የሞተው ሾፌር ደግሞ የአገሩ ልጅ ነው። ምርኮኛው ሲገረፍ ፈንጂው ከወንዙ በስተግራ ነው አለ። መሐንዲሶቹ መሬቱን በሳንጃ ሲወጉ አመሹ፤ ምንም የለም። እንደገና ተገረፈ፣ በስተቀኝ ነው አለ። እዚያም ምንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኛ አመጡት።

አለቃዬ አንድ አረጋዊ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። የልጁን እግር እያጠቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከትልቁ ዋርካ ሥር ነው የቀበራችሁት?» አሉት። «አዎ፣ ከዋርካው ሥር» አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ዋርካ አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም።

መቶ አለቃው የድንኳኑን መጋረጃ ገልጦ ገባ። ግረፉልኝ አላለንም፣ መርፌ ውጉልኝም አላለንም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስኪነጋ ይችላል?» እኔ የልጁን የልብ ምት እየቆጠርኩ ነበር። ሃምሳ አለቃው የበሽተኞቹን መዝገብ ሳቡና ስሙን ጠይቀው ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ቁስሉን አንድ በአንድ ጻፉ። ከዚያ «ጌታዬ፣ ይህ ሰው መዝገቤ ላይ ገብቷል። በሽተኛዬ ነው» አሉ። መቶ አለቃው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከቆየ በኋላ ወጣ። ልጁ እኛው ዘንድ አደረ። በማግሥቱ በመኪና ወደ ኋላ ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን አላውቅም።

«አይችልም ብለው ቢመልሱስ ኖሮ?» ስላቸው፣ «ይችላል ካልኩ አሁን ይወስዱታል። አይችልም ካልኩ ሲሻለው ይወስዱታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ከጦርነቱ በኋላ የሚኖሩበትን አገር አውቅ ነበር፤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዛሬ ነገ ስል መሞታቸውን ሰማሁ። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው፤ ስለዚያች ሌሊት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም።

የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 ቶኪዮ ላይ ባወጣው መግለጫ ሐኪም ሰው በሚሠቃይበት ቦታ ሊረዳ ይቅርና ሊገኝም አይገባውም ይላል። ሃምሳ አለቃው ይህን ያነበቡ አይመስለኝም። የተጻፈው ስለ ሐኪሞች ቢሆንም ነርሱንም ጤና ረዳቱንም ያስራል ባይ ነኝ።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁና አላስረዝምም። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የወታደር መለያ ቁጥሩን ከመናገር በቀር እንደማይገደድ ይደነግጋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ደግሞ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አይታገድም። ያው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ የሕዝብ መመልከቻ እንዳይሆንም ይከለክላል። እናንተ ግን እጁ የታሰረ ሰው ሲመታ የሚያሳይ ምስል በስልክ ትቀባበላላችሁ፤ «ይገባዋል» ብላችሁም ትጽፉበታላችሁ። እኛ ብዙ ጥፋት ያየን ትውልድ ነን፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለጎረቤት ማሳየት ግን ያሳፍረን ነበር።

ዱላ እውነት አያወጣም የምትሉ አላችሁ፤ የዋርካው ነገር ለእናንተ ይመሰክራል። ሌላም ምስክር አለ። አሜሪካኖች የያዙት ኢብን አልሼክ አልሊቢ የተባለ እስረኛ ተሠቃይቶ ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካልና በባዮሎጂ መሣሪያ አሠልጥናለች አለ። ቃሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በኮሊን ፓወል አፍ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀረበ፤ በወሩ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። በዓመቱ ሰውየው ያን ያልኩት ሥቃዩ እንዲቆምልኝ ነው ብሎ ቃሉን አጠፈ። እኔ ግን በዚህ ክርክር ብቻ እንድትደገፉ አልፈልግም። አንድ ቀን የተገረፈ ሰው እውነቱን ቢናገርስ? ያኔ መግረፍ ይፈቀዳል ልንል ነው? የታሰረ ሰው የታሰረ ሰው ነው፤ አይነካም።

ይህን ስል የሾፌሩ ነገር ይመጣብኛል። ቁስለኛ የጫነ ባቡር ናዝሬት ጣቢያ ሲቆም እናቴ በሶ በጥብጣ ይዛ ትወጣ ነበር፤ በየመስኮቱ የልጆቿን ፊት ትፈልግ ነበር። ቦቴው ውስጥ የነበረው ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ያን ማታ ከሃምሳ አለቃው ጎን እቆም ነበር? አላውቅም። ሕጉ ለሟች ወንድም ያልተተወው ለዚህ ይመስለኛል።

የተማሪው ጥያቄ ላይ ቅር የሚለኝ ራሱን በመቶ አለቃው ቦታ አስቀምጦ መጠየቁ ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ጅራፍ አትይዙም። የሚገርፍ ሰው ግን ብቻውን አይሠራም፤ በር የሚጠብቅለት፣ ቃል የሚጽፍለት፣ ልብ ምት የሚቆጥርለት ይፈልጋል። ወደ እናንተ የሚመጣው በዝቅተኛ ድምፅ፣ የሙያ ጥያቄ መስሎ ነው። ራሱን ይስታል?፣ ቁስሉ እስከ መቼ ይደርቃል?፣ አሁን ውኃ ቢጠጣ ይነቃል? «ታዛዥ ነኝ» ትሉ ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሥቃይን የሚከለክለው ስምምነት የበላይ ትእዛዝ ሰበብ አይሆንም ይላል።

ያን ጊዜ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ሁለተኛ ሰው ጥሩ። በሽተኛዬ ነው በሉ። መዝገቡ ላይ ስሙን፣ ያመጣውን ሰው፣ የገባበትን ሰዓት፣ እያንዳንዱን ቁስል ከነቦታው ጻፉ፤ ወድቆ ነው ቢሏችሁም ያያችሁትን እንጂ የነገሯችሁን አታስፍሩ። ስትጽፉም በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይሁን።