ቲዩቡን ወደ ብርሃን አንሱት

ልጆች፣ ከብረት ተሸካሚ ፕሮቲኖች ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ፒፔቱን ለእናንተ ትቼ ሥራዬ የሌሎችን ዳታ ማየት ሆኗል። ሁሌም የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ፕሮቲኑ ብረት ይዟል ወይስ ባዶውን ነው? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ "ትራንስፈሪን ነው" ይለኛል፤ በደም ውስጥ ብረት የሚያመላልሰውን ፕሮቲን ማለቱ ነው። ስሙን አልጠየቅኩትም እኮ!

አልፈርድባችሁም፣ እኔም ያው ነበርኩ። በወጣትነቴ ሴሎቼ አንባዛም አሉ። ሴረም (የደም ፈሳሹ ክፍል) በሌለው ሚዲየም፣ ማለትም የሴል መመገቢያ ፈሳሽ፣ ነበር የማሳድጋቸው፣ ኢንሱሊን፣ ሴሊኒየምና ሪኮምቢናንት (ጂኑ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የተመረተ) የሰው ትራንስፈሪን እየጨመርኩ። ሴሎቹን ቀየርኩ፣ ኢንኩቤተሩን ፈትጌ አጠብኩ፣ አጠገቤ የሚሠራውን ልጅ ሳይቀር ጠረጠርኩ (እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም)። ሁለት ወር በዚህ አለቀ። አንድ ቀን የፕሮቲኑን ቲዩብ ቁጥሩን ለማንበብ ወደ መስኮቱ ሳነሳው ውሃ መሰለኝ። ኩልል ያለ ውሃ። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የሚሆን፣ ብረት የጠገበ ትራንስፈሪን እንዲህ አይመስልም፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሮዝ ነው። የያዝኩት አፖ ነበር፣ ባዶው። ሚዲየሙ ውስጥም ይህ ነው የሚባል ብረት አልነበረም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሻጩን ልወቅስ ስል ወረቀቱን አየሁት፤ አፖ ይላል፣ ያውም በትልቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንስፈሪን 80 ኪሎ ዳልተን ገደማ የሚመዝን ሁለት ክንፍ ያለው ፕሮቲን ነው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ አንድ የብረት አዮን ይይዛል። ሴሉ ላይ ያለው ተቀባይ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 አጥብቆ የሚይዘው የተጫነውን ነው፤ ባዶውን ብዙም አይፈልገውም። ይዞት ወደ ውስጥ ይገባና ኢንዶሶም በሚባለው የሴሉ ከረጢት ውስጥ ፒኤቹ ወደ 5.5 ሲወርድ ብረቱ ይራገፋል። የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ባዶው ፕሮቲን በዚያ አሲድ ውስጥ ከተቀባዩ አይላቀቅም፣ አብሮት ወደ ሴሉ ገጽ ተመልሶ እዚያ ይለቀቅና ሌላ ብረት ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ጭነት የሌለው መኪና እየላክሁ ዕቃው ለምን አልደረሰም እያልኩ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጥጋቡ መጣ። ራሴው እጭነዋለሁ ብዬ ፌሪክ ክሎራይድ (የብረት ጨው) በፎስፌት በፈር (ፒኤች በሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥ ጨመርኩ። ወዲያው ደፈረሰ፣ ዝገት የመሰለ ነገር ከታች ዘቀጠ። ፌሪክ ብረት ብቻውን በገለልተኛ ፒኤች ሟሙቶ አይቆይም፣ ፎስፌት ደግሞ ይባስ ይጎትተዋል። ብረቱን ኤንቲኤ በመሰለ ብረት አቃፊ ኬሚካል ይዛችሁ አቅርቡት። በፈሩ ውስጥ ባይካርቦኔት ይኑር፤ ካርቦኔት አብሮ ካልገባ ፕሮቲኑ ብረቱን አጥብቆ አይይዝም። የተረፈውን በጨው ማውጫ ኮለም አስወግዱ። ኢዲቲኤን ደግሞ በልማድ አትጨምሩ፣ እሱም ብረት ፈላጊ ነው።

ሌላው የምትጠይቁኝ "ለምን በኢ ኮላይ ባክቴሪያ አላመርተውም?" የሚለው ነው። ሞክሩ፣ አልከለክልም። ግን የሰው ትራንስፈሪን 19 የዳይሰልፋይድ ድልድዮች (ሰንሰለቱን ከራሱ ጋር የሚያያይዙ የሰልፈር ማሰሪያዎች) አሉት፤ ባክቴሪያው ውስጥ ተጨማድዶ እንደ ጓል ይከማችና እሱን መልሶ ማጠፍ ዕድሜ ይጨርሳል። ፕሮቲኑ ላይ የሚለጠፉት ስኳሮች ያን ያህል አያስጨንቁም፣ ያለ እነሱም ብረት ይይዛል። ስለዚህ ሰው ወደ አጥቢ እንስሳት ሴል፣ ወደ እርሾ፣ ወደ ሩዝ ፍሬ ሳይቀር የሄደው በድልድዮቹ ምክንያት ነው። ላክቶፈሪን ተገኘ ብላችሁም በእሱ ቦታ አትተኩት። ይመሳሰላሉ፣ ግን ላክቶፈሪን ፒኤቹ ከ4 በታች እስኪወርድ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ኢንዶሶም ውስጥ አያራግፍላችሁም።

እና ቲዩብ በከፈታችሁ ቁጥር በብርሃን መለኪያ ማሽን ሁለት ንባብ ውሰዱ፦ 280 ናኖ ሜትር ላይ ፕሮቲኑን፣ 465 ላይ ብረቱን። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቀጠነ ናሙና ከሆነ በዓይን ሮዙ ላይታያችሁ ይችላል፣ ማሽኑ ግን ያየዋል።

ባለፈው ሰሞን አንዷ ተማሪ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ቲዩብ፣ አንዱ ውሃ የመሰለ፣ አንዱ ሮዝ። ደስ አለኝ። ከዚያ አጉልቼ ሳየው ሁለቱም ላይ የተጻፈው "ትራንስፈሪን" ብቻ ነው፤ ማርከር ፈልጊ ብዬ መለስኩላት።