ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተሩ ወደፈለግነው ዶሜይን ኮንትሮለር እንዲሄድ

በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅት ኮምፒውተሮችንና ተጠቃሚዎችን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ዙሪያ ያላችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ የሆስትስ ፋይልን (በየኮምፒውተሩ ላይ ስምን ከአይፒ ጋር በእጅ የምናያይዝበትን ፋይል) አትንኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር (ሎግኢን የሚያረጋግጥ ሰርቨር) አለን። አንዱ እዚሁ ነው፣ ሌላው ሩቅ ቅርንጫፍ ውስጥ። ኮምፒውተሮቻችን ሩቁን እየያዙ ሎግኢን በጣም ይዘገያል። የቅርቡን እንዲይዙ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን አገልግሎት) «የዚህ ዶሜይን ኮንትሮለሮች እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ዲኤንኤስ በኤስአርቪ ሪከርድ (አንድን አገልግሎት የትኛው ሰርቨር እንደሚሰጥ በሚናገር መዝገብ) ዝርዝር ይሰጠዋል። ከዝርዝሩ አንዱን ያናግራል። ያ ኮንትሮለር የኮምፒውተሩን አይፒ አይቶ የየትኛው ሳይት (ቢሮ ወይም ቅርንጫፍ) እንደሆነ ይነግረዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተመልሶ የራሱን ሳይት ኮንትሮለሮች ይፈልጋል።

ጣጣው የሚመጣው ሰብኔቱ (የቢሮው የአይፒ ክልል) ካልተመዘገበ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ሳይት የለውም። ከሁሉም መካከል ያገኘውን ይይዛል፣ ሩቁንም ቢሆን። ስለዚህ ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ የሚባለውን የአክቲቭ ዳይሬክተሪ መሣሪያ ክፈት። ለቢሮህ ሳይት ፍጠርና ሰብኔቱን፣ ለምሳሌ 10.20.30.0/24ን፣ ከሳይቱ ጋር አያይዘው። ሰርቨሩንም ወደዚያው ሳይት አዛውር። ያመለጠህ ሰብኔት ካለ ኮንትሮለሩ ራሱ ይነግርሃል። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዲበግ የሚል አለ፤ እዚያ የኔትሎጎን ሎግን ክፈት። «ኖ ክላየንት ሳይት» የሚል መስመር ከኮምፒውተሩ ስምና አይፒ ጋር ታገኛለህ። እነዚያን አይፒዎች ሰብስብና መዝግብ፤ ሥራው ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ ሎጎንሰርቨር የሚለውን ቫሪያብል ብቀይረውስ?

መልስ፦ ምንም አይለወጥም። ሎግኢን ስታደርግ የተመዘገበ ስም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለሙከራ አንድን ኮምፒውተር ብቻ ለጊዜው ወደ አንድ ሰርቨር ማዞር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ኤንኤልቴስት የሚባል የዊንዶውስ ትእዛዝ አለ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ክፈት፤ ኤስሲ ሪሴት የሚለውን አማራጭ ከዶሜይኑ ስም፣ ከባክስላሽና ከሰርቨሩ ስም ጋር ጻፍ። በኤስሲ ኩዌሪ የያዘውን አረጋግጥ። ቋሚ አይደለም፤ ሪስታርት ሲያደርግ እንደገና ይመርጣል።

ጥያቄ፦ የእኔም ኮምፒውተር ሩቁን ሰርቨር ይይዛል፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

አንድ አባል፦ እኛ ጋ ሆስትስ ፋይል ላይ ጽፈን በሰላም እየሠራን ነው። ለምን እንደምታካብዱት አይገባኝም።

ሌላ አባል፦ የሰርቨሩ አይፒ ሲቀየር ታያታለህ! በየኮምፒውተሩ እየዞርክ ልታርም ነው? የሩቁን ሰርቨር የኤስአርቪ ፕራዮሪቲ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የመጀመሪያው አባል፦ እሱስ ሩቅ ያሉትን ሰዎች አይጎዳም?

መልስ፦ ሆስትስ ፋይል ስምና አይፒ እንጂ ኤስአርቪ አይይዝም። ስለዚህ ምርጫውን አልቀየራችሁትም፤ የሠራላችሁ በሌላ ምክንያት ነው። ፕራዮሪቲው ግን እውነት ነው። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ ሳይነካ 0 ነው። አንድን ሰርቨር ከጫና ለማሳረፍ ጥሩ ነው። ግን ያንን ሪከርድ የሚያነብ ሁሉ ይነካበታል። የሳይት ችግርን በፕራዮሪቲ አትሸፍኑ። ሆስትስንም አትንኩ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ አንደኛው ዲኤንኤስ የውስጡ ነው፤ ሁለተኛውን 8.8.8.8 (የጉግልን የውጭ ዲኤንኤስ) አድርጌዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ አውጣው! የውስጡ ለአፍታ ሳይመልስ ሲቀር ኮምፒውተሩ ወደ ውጭው ይዞራል። የውጭው ደግሞ «እንዲህ ያለ ዶሜይን የለም» ይለዋል። ሁለተኛውም የውስጥ ይሁን። ለኢንተርኔት ፎርዋርደሩን (ሰርቨሩ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀውን ሌላ ዲኤንኤስ) ሰርቨሩ ላይ አስገባ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስስ?

መልስ፦ የኤስኤስኤስዲ (ሊኑክስን ከዶሜይኑ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ፋይል ላይ ኤዲ ሰርቨር በሚለው መስመር ስሞቹን በቅደም ተከተል ጻፍ። በአይፒ አይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ሶፍትዌር የኤልዳፕ (ከዳይሬክተሪው መረጃ የሚጠየቅበት ፕሮቶኮል) አድራሻ ይጠይቀኛል። በ636 ፖርት አይፒ ስሰጠው የሰርተፊኬት ስህተት ያመጣል።

መልስ፦ ሰርተፊኬቱ የተሰጠው ለስም ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን ሙሉ ስም ስጠው። ማረጋገጫውን ግን እንዳታጠፋው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሞከርኩ፣ አይሠራም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምኑ ነው የማይሠራው? ስህተቱ ምን ይላል? ሰዓቱስ ከሰርቨሩ ጋር እኩል ነው? ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ሎግኢኑን የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ አይቀበልህም። ኤንኤስሉክአፕ የሚለውን ትእዛዝ (የዲኤንኤስ መፈተሻ) ክፈትና መጀመሪያ የሚያሳይህን የዲኤንኤስ አድራሻ ላክልኝ።

ጠያቂው፦ ሰዓቱ ልክ ነው። አድራሻው 192.168.1.1 ይላል። ራውተሩ መሰለኝ።

መልስ፦ በቃ፣ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ራውተሩን ነው የሚጠይቀው፤ ራውተሩ ደግሞ ዶሜይንህን አያውቀውም። ዲኤችሲፒው (ለኮምፒውተሮች አይፒ የሚያድለው አገልግሎት) ላይ የዲኤንኤሱን አድራሻ ወደ ኮንትሮለሮቹ ቀይር። ኮምፒውተሩ አይፒውን እንዲያድስ አድርግና ኤንኤስሉክአፕን ድገመው።