ሕልምን ፈርቶ አለመተኛት ትጋህ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እናቴ ካረፈች አራት ወሯ ነው። ተዝካሯን እንደ አቅማችን አውጥተናል። ነገር ግን በሕልሜ በብርድ እየተንቀጠቀጠች መጥታ ጋቢ ትለምነኛለች። ጎረቤቶቼ «ተዝካሩ አልደረሳትም ማለት ነው» አሉኝ፤ አንድ ሕልም ፈቺ ደግሞ ከቤታችን ሌላ ሰው እንደሚከተላት ነገረኝ። አንዳንድ ሌሊትም ዱካክ ይጫነኝና ዓይኔ ተገልጦ መጮኽ ያቅተኛል። ከዚህ የተነሣ መተኛት ስለምፈራ ዶሮ እስኪጮኽ ዳዊት እደግማለሁ፤ እንቅልፍ ስንፍና ስለ ሆነ በረከት አገኝበታለሁ ብዬም እጽናናለሁ። አሁን ግን ራሴን ያመኛል፣ የያዝሁትንም እረሳለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልሽ። የጸሎቱንና የስግደቱን ሥርዓት ስለምታውቂው አልደግመውም። የምጽፍልሽ በጎጃም ገጠርም ሆነ ከተማ ደጋግሜ ስላገኘሁት አንድ ስሕተት ነው፤ እርሱም የታየ ሕልም ሁሉ ከላይ የተላከ መልእክት ነው ብሎ ማመን ነው።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባል ስንቱን አስጨንቋል! ጥርሷ ሲወልቅ በሕልሟ ያየች እናት ልጄ ሊሞትብኝ ነው ብላ ወር ሙሉ እህል ሳይበላላት ስትከርም አይቻለሁ። ዮሴፍ ግን በግዞት ቤት ሳለ «ሕልምን የሚተረጉም እግዚአብሔር አይደለምን?» አለ እንጂ (ዘፍ. 40፥8) ፍቺውን የራሱ አላደረገም፣ ዋጋም አልተቀበለበትም። እግዚአብሔር በሕልም አይናገርም አልልሽም፤ አረጋዊ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ የታዘዘው በሕልም ነው። ነገር ግን ትእዛዙ ግልጥ ስለ ነበር የፈቺ ደጅ አልጠናም። የእኛ የዘወትር ሕልም ግን ጠቢቡ እንዳለው «በሥራ ብዛት ይታያል» (መክ. 5፥3)። እስኪ ራስሽን ጠይቂ፦ እናትሽ ታማ በተኛችበት ሰሞን ሌሊት እየተነሣሽ ጋቢውን መልሰሽ ያለበስሻት አንቺ አልነበርሽምን? እጅሽ የለመደውን፣ ልብሽም ያልጠገበውን ነገር ሕልምሽ ቢመልሰው ይህ ኀዘንና ፍቅር እንጂ የእናትሽ ክስ አይደለም። በስሟ ለነዳያን ጋቢ ማልበስ ብትወጂ እሰየው፤ ነገር ግን በፍቅር ስጪው እንጂ ሕልም እንደ ጣለብሽ ዕዳ አትክፈዪው።

ስለ ዱካኩም ተረጂ። በ1953 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዘሪንስኪና ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኑ በሽፋሽፍቱ ሥር ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ ገለጡ፤ አብዛኛው ግልጥ ሕልም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰውነታችን ሕልሙን በእጅና በእግሩ እንዳይሠራው ጡንቻዎቹ ይዝላሉ። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ሰውነት ሲዘገይ ሰው ዓይኑን ገልጦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ዱካክ የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላም ይለቃል። እንቅልፍ ያጣና በጀርባው የሚተኛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያገኘዋል። እንግዲህ ዱካክን ፈርተሽ ስታነጊ ራስሽ እየጠራሽው ነው። ሕልሙም እንደዚሁ ነው፤ እንቅልፍ የተነፈገ ሰው በተኛ ጊዜ ሕልሙ በርትቶ ይመጣበታል።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ኤልዛቤልን ሸሽቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ ከክትክታው ሥር ተኝቶ ሳለ ዳስሶ አበላው፣ ዳግመኛም ሲተኛ ተወው፤ ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው (1ኛ ነገ. 19)። እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ እንቅልፍን ድል እነሣለሁ ብዬ እግሬን በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርሁ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። የኔታ አንድ ማታ ውኃውን ደፍተው «ተኛ፤ ቅኔው ጧት ይመጣል» አሉኝ። ደበሎዬን ተከናንቤ ተኛሁ፤ ሦስት ቀን ቤት አልመታ ያለኝ ጉባኤ ቃና ገና ዓይኔን ስገልጥ ሞላልኝ። ዛሬ ሐኪሞች የቀን ትምህርት በእንቅልፍ ጊዜ በአእምሮ እንደሚጸና ሲናገሩ ስሰማ የኔታን አስባለሁ። መርሳትሽ ከዚህ የመጣ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ትጋህ ሌሊት የፍቅር ነው፤ ሰው ሊያመሰግን ይተጋል፣ ከዚያም ያርፋል። ያንቺ ግን ከአልጋ መሸሽ ነው፤ ስለዚህ ትጋህ ብዬ ላጸድቅልሽ አልችልም። ከሰባቱ ጊዜያት ጸሎት አንዱ ጸሎተ ንዋም ተብሎ በእንቅልፍ ስም መጠራቱ በከንቱ አይደለም። ዳዊትንስ በየሌሊቱ ስትደግሚ «እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ» (መዝ. 3፥5) የሚለውን አላለፍሽበትምን?

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጸሎተ ንዋምን አድርሰሽ ሦስት ሰዓት ላይ በጎንሽ ተኚ፤ ጎልማሳ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና ቢጠራም አትጠጪ። ወደ ሕልም ፈቺው አትመለሺ፤ የነገረሽንም ለንስሐ አባትሽ ገልጠሽ ንገሪ፣ ብቻሽን አትሸከሚው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አድርገሽ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ኀዘኑ ከምግብና ከሥራ ከለየሽ፣ ጠበሉን ሳትተዪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በሚቀጥለው ወር እንዴት እንደ ሆንሽ ጻፊልኝ፤ እናትሽንም በጸሎት እንዳስባት ክርስትና ስሟን ላኪልኝ።