ለዓመት የሚገሠግሥ ጦር አለ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል። «ስለ ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ከጓደኛዬ ጋር ሁልጊዜ እንከራከራለን። እሱ ‹የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬኗ ፖክሮቭስክ ከተማ እየገሰገሰ ነው› የሚል ዜና ያነብልኛል። ዜናው ከዓመት በላይ ያው ነው። እኔ ደግሞ ‹የዩክሬን ድሮኖች በሩሲያ ሪያዛን ከተማ ያለውን የነዳጅ ማጣሪያ አወደሙ› የሚል አነብለታለሁ። እሱ ታዲያ ‹ባለፈውም ወድሞ ነበር እኮ፤ ስንት ጊዜ ነው የሚወድመው?› ይለኛል። የተሳሳትነው እኛ ነን ወይስ ቃላቱ? የጦር ሜዳ፣ ዐውደ ውጊያና የጦር አውድማ ከሚሉትስ የትኛው ይሻላል? ድሮን ማለትስ ነውር ነው?»

ጠያቂዬ፣ ያጣሏችሁ ግሦቹ ናቸው። በተለይ «ገሠገሠ» ላይ እኔም የቆየ ቂም አለብኝ። ስለዚህ መልሱ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ። (ወሩንም ዓመቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ፊደሉን እናስተካክል። ቃሉ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሳይ ያመኛል። ጋዜጣው ሁሉ እንደዚያ እንደሚጽፈው አውቃለሁ። ድምፁም ዛሬ አንድ ነው። ቢሆንም ሥሩን የሚያሳየን ፊደሉ ነውና አልለቅም።

ሥሩ ግእዝ ነው። ጌሠ ይላል፤ ማልዶ ተነሣ፣ በጠዋት መንገድ ጀመረ ማለት ነው። ጌሠም ደግሞ ነገ፣ ማግስት ነው። ዳዊት በግእዙ «እገይሥ ኀቤከ» ያለውን አማርኛው «ወደ አንተ እገሠግሣለሁ» ብሎ መለሰው። ኢሳይያስ ላይ ሌሊቱ ራሱ ይጨመርበታል፤ መንፈሱ በሌሊት ወደ አምላኩ ትገሠግሣለች። ትግርኛም «ገሸ» ሲል ለጉዞ ወጣ ማለቱ ነው፤ የዚሁ ዘመድ ይመስለኛል። አማርኛ ያደረገው ሥሩን መድገም ነው፤ ገሠ ገሠ። ነቀነቀ፣ ቀጠቀጠ እንደምንለው ሁሉ ድግግሞሹ የማያባራ ሥራን ያሳያል። እንግዲህ በዚህ ቃል ውስጥ ማለዳ አለ፣ ፍጥነት አለ፣ የታወቀ መድረሻ አለ።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንውሰደው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጎህ ሳይቀድ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኪዬቭ ያመራው የሩሲያ ጦር «ገሠገሠ» ቢባል ቅር አይለኝም። ሰዓቱም ይገጥማል፣ ፍጥነቱም ይገጥማል። በኤፕሪል መጀመሪያ ከኪዬቭ ዙሪያ ለቅቆ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገሥግሦ መመለስም አለ። በሴፕቴምበር 2022 የዩክሬን ጦር በካርኪቭ ግዛት ባላክሊያን፣ ኩፒያንስክንና ኢዚዩምን በአንድ ሳምንት ውስጥ አስለቀቀ። እሱም ገሠገሠ። ማንም አይከራከረኝም።

ፖክሮቭስክስ? ሌላዋ የዩክሬን ከተማ አቭዲቭካ በሩሲያ እጅ የወደቀችው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ከዚያ እስከ ፖክሮቭስክ በቀጥታ መስመር 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኖቬምበር 2025 ውጊያው ገና በፖክሮቭስክ ጎዳናዎች ላይ ነበር። ሃያ አንድ ወር ማለት ነው። ቢያካፍሉት በቀን ወደ 70 ሜትር ይመጣል። ሰባ ሜትር! በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ማለዳ ቢነሣ ምን ይጠቅመዋል?

እዚህ ላይ የሚቃወሙኝ አሉ፤ አንዳንዶቹም በሙያው የተከበሩ ናቸው። «ቃል ያድጋል። ገሰገሰ ዛሬ ወደ ፊት ሄደ ማለት ብቻ ነው። የግእዙን ማለዳ ማን ያስታውሰዋል?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ወደ ፊት ሄደ ለማለት «ወደ ፊት ሄደ» አለ እኮ! አንድን ልዩ ቃል አደንዝዞ የተራ ቃል ሥራ ማሠራት እድገት ሳይሆን ብክነት ነው። ደግሞ ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «እየገሰገሰ ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው ከተማዋ ነገ የምትያዝ ይመስለዋል። ሳትያዝ ስትቀር ዜናው ውሸት ነበር ይላል። ጦሩ ግን በእርግጥም ወደ ፊት ሄዷል፤ በጣም በዝግታ። እርስዎና ጓደኛዎ የተጣላችሁት በዚህች ክፍተት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ልማዱ አሸንፎኛል። ኢኮኖሚው ይገሠግሣል፤ ቴክኖሎጂው ይገሠግሣል፤ በሽታ ሳይቀር ሲገሠግሥ ሰምቻለሁ። «ግሥጋሴ» የሚለው ስምም ማለዳውን ከጣለ ቆይቷል። እሺ፣ ይሁን። «አዝጋሚ ግሥጋሴ» ሲባል ግን አሁንም ጆሮዬን እይዛለሁ። እሳቱ ቀዝቃዛ ነው እንደማለት ነው።

ታዲያ ምን እንበል? አማርኛ ለዝግታ ቃል አጥቶ አያውቅም። ጦሩ ተጠጋ፤ ፈቀቅ አለ፤ ግንባሩን ገፋ። ፖክሮቭስክ ላይ የታየውን በትክክል የሚይዘው ግን «ሰረገ» ነው። ውኃ ቀስ ብሎ አፈር ውስጥ ሲገባ ሰረገ ይባላል። ድሮን ሰማዩን ስለሞላው በታንክ አምድ መሄድ ራስን ማጥፋት ሆነ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ወታደር እየሆኑ በፍርስራሽና በጥሻ መሐል ያልፋሉ። ይህ ሰርጎ መግባት ነው። ቃሉ ከድሮን ዘመን በፊት የነበረ ነው፤ ለድሮን ዘመን የተሰፋ ይመስላል እንጂ።

«ተቆጣጠረ» ላይም ትንሽ ልቆይ። ሥሩ ቆጠረ ነው። ቁጥር፣ ቆጣሪ፣ ቁጥጥር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ተቆጣጠረ የሚባለው እንግዲህ በእጁ ያለውን ቆጥሮ የሚያውቅ፣ የሚገባና የሚወጣውን የሚያይ ነው። አንድ ወታደር ከተማ መሐል ባንዲራ ሰቅሎ ቪዲዮ ቢነሣ ተቆጣጠረ አይባልም። ገብቷል፤ በቃ። ሁለቱም ወገን የማይቆጥረው፣ ሁለቱም በድሮን የሚጠብቀው ሰፊ መሬት አለ። እሱን «ማንም ያልያዘው» ማለት ይሻላል። «ነፃ አወጣ» የሚለውን ለተናጋሪው ተዉለት፤ ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ መሬቱ አይነግረንም።

ወደ ጦር ሜዳው እንምጣ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን «አውድማ የተባለው ስለሚያወድም ነው» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ይዞራል። ስህተት ነው። አውድማ የመጣው ከግእዙ ዐውድ ነው፤ በዓይኑ ዐ። ዐውድ ክብ፣ ዙሪያ ማለት ነው። በሬዎቹ እየዞሩ እህሉን የሚያበራዩበት ክብ ቦታ ነውና። ዐውደ ርእይና ዐውደ ውጊያም ከዚሁ ናቸው። የወደመ ቦታ ላይ እህሉን የሚያፈስ ገበሬ የት አለ? እኔ በግሌ «ዐውደ ውጊያ» እመርጣለሁ። «የጦር አውድማ» ግን ሥዕሉ ይበልጣል፤ ይህን ያህል አልክድም።

ሁለተኛው ጠብ ማጣሪያው ነው። ሪያዛን ያለው ማጣሪያ በማርች 2024 ተመታ። በሜይ 2024 ተመታ። በጃንዋሪ 2025 እንደገና ተመታ። ጓደኛዎ ልክ ነው፤ የወደመ ነገር ሁለተኛ አይወድምም። እርስዎም ልክ ነዎት፤ በእርግጥ ተመትቷል። ጥፋተኛው «አወደመ» ያለው ጸሐፊ ነው።

ማጣሪያ አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሰፊ ግቢ ነው። ዳር ዳሩን የነዳጅ ታንከሮች አሉ፤ መሐሉ ላይ ረጃጅም ማማዎች ቆመዋል። ድፍድፍ ነዳጁ 350 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይሞቅና ወደ ማማው ይገባል። ቀላሉ ቤንዚን ወደ ላይ ይተናል። ናፍጣው መሐል ላይ ይቀራል። ከባዱ ማዙት ታች ይተኛል። ታንከር ሲመታ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ ቪዲዮውም ዓለምን ይዞራል። ግን ታንከር የብረት በርሜል ነው፤ ይተካል። ማማው ሲመታ እሳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ጥገናው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በማዕቀቡ ምክንያት መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም።

ስለዚህ ግሡ የሚያውቀውን ብቻ ይናገር። «ጥቃት ሰነዘረ» እጁ መዘርጋቱን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ስንዝርም የተዘረጋ እጅ ልክ ነው። ማረፉን አይናገርም። «መታ» ማረፉን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይናገርም። «ጎዳ» አንድ እርምጃ ይጨምራል። «ከሥራ ውጭ አደረገ» ለማለት ማማው ሥራ ማቆሙን ማወቅ ያስፈልጋል። የዩክሬኑ ክሬመንቹክ ማጣሪያ በኤፕሪል 2022 በሩሲያ ሚሳኤል ተመትቶ ሥራ ሲያቆም ይህ አነጋገር ልክ ነበር። እዚያም ቢሆን ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተመትቷል። የሩሲያ ባለሥልጣናት በበኩላቸው «የተመታው ድሮን ስብርባሪ ወድቆ እሳት ተነሣ» ማለት ይወዳሉ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተመታው ድሮኑ ነው። እሳቱ ደግሞ ራሱ ከመኝታው የተነሣ ይመስላል።

ለነገሩ «ማጣሪያ» የሚለውን ቃል ራሱን አልወደውም። ማጥራት በጨርቅም በወንፊትም ይሆናል። ድፍድፍ ግን የሚለየው በእሳት ነው፤ በእሳት ማጥራት ደግሞ በአማርኛ ማንጠር ይባላል። ወርቅ ይነጠራል፣ ቅቤ ይነጠራል። «ነዳጅ ማንጠሪያ» ብንል እንዴት ባማረ! ይህን ለዓመታት ስናገር አንድም ሰው አልተቀበለኝም። ደግነቱ «የነዳጅ ማጣሪያ» «የዘይት ማጣሪያ» ከሚለው ይሻላል። እሱን ያነበበ ሰው የመኪና ፊልትሮ የተመታ ነው የሚመስለው። ነዳጅ እያለን ዘይት ምን ያደርግልናል? ነዳጅ ከነደደ የወጣ ቃል ነው፤ መጨረሻው ደ ወደ ጀ ዞሮ ነው እንጂ የሚነድ ማለት ነው። በኦገስት 2024 በሮስቶቭ ግዛት የፕሮሌታርስክ ነዳጅ ማከማቻ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲነድ ቃሉ ትርጉሙን ራሱ አሳየን።

«የነዳጅ መሠረተ ልማት» የሚለውም ያስቸግረኛል። ልማት ከለማ ነው፤ ለምለምን ያስታውሰኛል። የጦር አውሮፕላን የሚቀዳበት ማከማቻ ልማት ነው? እኔ «የነዳጅ ተቋማት» እላለሁ። የቀረው ሰው ሁሉ መሠረተ ልማት ይላል፤ መዝገበ ቃላትም ከእነሱ ጋር ነው። አልጣላም።

የቀረው ድሮን ነው። ለብዙ ጊዜ «ሰው አልባ አውሮፕላን» በሉ ስል ኖሬያለሁ። አልባ የግእዝ ቃል ነው። አልቦ «የለውም» ሲሆን አልባ ደግሞ «የላትም» ነው፤ ሰው የላትም እንደማለት። ያምራል። አውሮፕላን ራሱ የውጭ ቃል መሆኑን ሲያነሡብኝ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ችግሩ የመጣው ከባሕር ነው። ዩክሬን በጥቁር ባሕር የጦር መርከብ የምትመታው ሰው በሌለባቸው ጀልባዎች ነው፤ እነሱም ድሮን ይባላሉ። ጀልባን አውሮፕላን ማለት አይቻልም። «ሰው አልባ ጀልባ» ብዬ ሞክሬ ነበር። የሰማኝ ሰው ጀልባው ባዶውን መሐል ባሕር የቀረ መስሎት «ሰዎቹ ተረፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ድሮን እላለሁ።