ብረቱ ይነቀልለት እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነዎት፣ ከሐይቅ ነኝ። ወንድሜ ጦርነት ላይ ከጉልበቱ በታች በጥይት ተመቶ አጥንቱ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት ቁስሉን ሳይሰፉ በጎዝ ሸፍነው ተዉት፣ በ5ኛው ቀን ነው መልሰው አስገብተው የሰፉት። ከእግሩ ውጪ ብረት ታስሮለት 2 ወር ሊሞላው ነው፣ ብረቱ የገባበት ቦታ ውሃ ነገር ያወጣል፣ የጥይት ፍንጣሪውም እዛው አለ። አጎታችን ብረቱን አስነቅለን ወጌሻ ጋ እንውሰደው እያለ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሳይሰፉ የተዉት ረስተውት አይደለም። ጥይት የገባበት ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም ውስጡን ጡንቻውን ያደቀዋል፣ የሱሪ ቁራጭና አፈርም ይዞ ይገባል። ሰርጀኑ ጡንቻውን በፒንሳ ቆንጠጥ ያደርገዋል፣ ከተኮማተረና ሲቆረጥ ከደማ በህይወት አለ፣ ዝም ካለ ሞቷል ማለት ነው ተቆርጦ ይጣላል። በዛኑ ቀን ተሰፍቶ ቢሆን የቀረችው ቆሻሻ ውስጥ ታፍና ታመረቅዝ ነበር፣ ስለዚ ከ4 እስከ 5 ቀን ተጠብቆ ንጹህ ከሆነ ነው ሚዘጋው።

ፍንጣሪው መገጣጠሚያ ውስጥ ካልገባ ወይ ነርቭና ደም ስር ካልነካ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ፊልም ላይ ጥይቷን አውጥተው ሳህን ላይ ቅጭል ሲያደርጓት አይተን ነው እኮ ሁላችንም ካልወጣ አይድንም የምንለው፣ ፍለጋው ራሱ ብዙ ስጋ ያበላሻል።

ብረቱን ግን እንዳታስነቅሉት! በጥይት የተሰበረ ቅልጥም 4፣ 6 ወር አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈጃል። አጎትሽን አክብረሽ አስረጂያቸው፣ ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ሲያስር ደም ተቋርጦ እግሩ ጠቁሮ የተቆረጠበት ሰው በእጄ አልፏል። የሚወጣው ቀጭን ውሃ ከሆነ እጃችሁን ታጥባችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹህ ጎዝ ጥረጉለት፤ መግል ከሆነ፣ ከሸተተ፣ ብረቱ ከላላ ወይ ካተኮሰው ግን በዛው ቀን ውሰዱት።

የእግሩ ጫፍ ወደታች ተዘቅዝቆ እንዳይደርቅ ሽርጡን ውስጥ እግሩ ስር አድርጎ በሁለት እጁ ወደራሱ ይሳበው፣ በቀን ደጋግሞ። ሲጋራ ካለ ይቅር፣ ጫት ላይ ናት አይበለኝ፣ አጥንት እንዳይገጥም ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው። ለቀጠሮው ስትሄዱ የመጀመሪያውን ራጅ ቤት እንዳትረሱት፣ ከአዲሱ ጎን ሰቅለው ነው ሚያዩት።