የአባትህን ሸክላዎች በጅምላ አትሽጥ

ትናንት ማታ የለጠፍከውን ጥያቄ አየሁት። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 60 ያህል የዘፈን ሸክላ ትተውልሃል። ቤታችሁ ፈረንጅ አራዳ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «እንዳለ ልውሰደው» ብሎሃል። አንተ ደግሞ ልሽጠው ወይስ ማጫወቻ ገዝቼ ዲጄ ልሁንበት ብለህ ጠይቀሃል።

እኔ እዚሁ ጅማ ለ11 ዓመት ሰርግና ልደት ላይ ሙዚቃ ሳጫውት ኖሬያለሁ። እንጀራዬ ላፕቶፕ ነው። ልቤ ያለው ግን ሸክላው ጋ ነው። ባለቤቴም ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሄርማታ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ሙሉ ካርቶን ሸክላ ገዛሁ። ገንዘብ ሲያጥረኝ 20ውን አንስቼ ለአንድ ነጋዴ ሸጥኩ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አገኘሁና ደስ አለኝ። በዓመቱ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ የአንዱን ፎቶ ላከልኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ወጥቷል። መሃሉ ላይ የድሮው ባለቤት በሰማያዊ እስክሪፕቶ የጻፈው ስም ሳይቀር ይታያል። የዚያ የአንዱ ዋጋ እኔ ለ20ው ከተቀበልኩት ይበልጣል። ነጋዴው አልሰረቀኝም። አይቶ ነው የገዛው፣ እኔ ሳላይ ነው የሸጥኩት።

ለምን እንዲህ ይወደዳሉ ካልክ፣ ዘመናቸው አጭር ስለነበር ነው። ድሮ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። የመጀመሪያዎቹን ህንድ ልኮ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስ የሚባሉ አሳታሚዎችም ነበሩ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታው ሕይወት ጠፋ። ካሴቱም ገባና ሸክላ በዚያው ቀረ። ከእነዚያ ጥቂት ዓመታት የተረፈውን ነው ዛሬ የፓሪስና የቶኪዮ ዲጄዎች የሚያድኑት።

የኛ ከተማ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚህ ጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ የሠራው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ታትሟል። አዲሱ እትም ለማዳመጥ ምንም አይወጣለትም። የ1972ቱ ግን ሌላ ዓለም ነው። ካርቶኑ ውስጥ ካገኘኸው ቀድመህ ለእኔ ደውል። ቀልዴን ነው። ግማሹን።

እና እንዴት ታውቃለህ? መሃል ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶ የሚዞርበትን ለስላሳ ቦታ በስልክ መብራት አግድም እየው። የተጫረ ቁጥር ታገኛለህ። የመጀመሪያውን እትም ከኋለኛው የሚለየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ፈልግ። ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ አትመን፤ ከዚህ በፊት የተሸጠበትን ተመልከት። የፈለገ ሰው ሚሊዮን ሊጠይቅ ይችላል።

ሳታጥብ ግን እንዳታጫውት። ጅማ ናት፤ ዝናቡን ታውቀዋለህ። ከአልጋ ሥር የከረመ ሸክላ ሻጋታ ይዟል። መርፌ ሻጋታ ላይ ሲሄድ ዘፈኑ የተቀረጸበትን ቦይ ይፍቀዋል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ግዛ (አሲዱን አላልኩም!)። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ በለስላሳ ጨርቅ ክቡን እየተከተልክ ጥረገው። የመሃሉን ወረቀት አታርጥብ። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ እንደ ቆርቆሮ ይጣመማል። ሲደርቅ እንደ መጽሐፍ አቁመው እንጂ አትደራርበው። እኔ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቤ መሃሉ እጥላለሁ።

ወፍራምና ከባድ የሆኑ፣ 78 የሚል የተጻፈባቸው ካሉ ለብቻ አስቀምጣቸው። እነሱ ፕላስቲክ አይደሉም። ከወደቁ እንደ ጀበና ይሰበራሉ፤ አልኮል ከነካቸው ደግሞ ይሟሟሉ። ይህንን ያወቅሁት አንዱን በአልኮል ወልውዬ ነው። ጨርቄ ጠቆረ፣ ድምፁም አብሮ ሄደ። የሱዳን ዘፈን ነበር፣ እስከ ዛሬ ሌላ አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ዲጄነቱ። ሻንጣ የሚመስለውን ርካሽ ማጫወቻ አትግዛ፣ ብዙዎቹ መርፌያቸው ከባድ ነው። ዲጄ የሚፈልገው ሞተሩ በቀጥታ ሳህኑን የሚያዞር፣ ያለ ቀበቶ የሚሠራ ነው። ቴክኒክስ 1200 የሚባለው ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ውድ ነው፣ ያገለገለ ፈልግ። ደግሞም የሸክላ ድምፅ ደካማ ስለሆነ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ያለው ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ያስፈልግሃል። ተራ መግቢያ ላይ ከሰካኸው የምትሰማው ትንኝ ነው።

አንዳንዶቹ ባለ 45 ሸክላዎች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ አለው፣ 38 ሚሊ ሜትር። ቀዳዳውን የሚሞላው ማስገቢያ ጠፍቶብኝ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ጋ ሄድኩ። ከዋንዛ ጠርቦ ሠራልኝ። ለምን እንደሆነ ሳስረዳው ከት ብሎ ሳቀ፤ ግን ልኩን አልሳተም። እስካሁን የምጠቀመው በእሱ ነው።

ሰርግ ላይ ሁለት ጠላት አለህ። አንዱ መብራት ነው። ሲጠፋ ዘፈኑ እንደ ሰካራም እየጎተተ ይቆማል፣ ሰውም ይስቅብሃል። ላፕቶፑን ሁሌ በተጠንቀቅ ያዝ። ሁለተኛው እስክስታ ነው። አሮጌ የእንጨት ወለል ላይ 30 ሰው ሲዘል መርፌው አብሮ ይዘላል። ከባድ የድንጋይ ንጣፍ አምጥተህ፣ ለሁለት የተቆረጡ የቴኒስ ኳሶች ላይ አስቀምጠህ፣ ማጫወቻውን ከላይ ታደርጋለህ። ስፒከሩን ከጠረጴዛው አርቀው።

አንድ ሙሉ ሌሊት በሸክላ አጫውታለሁ ብለህም አትነሳ። ወጣቱ ሁለት ዘፈን ይታገስሃል። እኔ እራት ሲበላ ነው የማወጣቸው። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ምግባቸውን ትተው መጡና «እስቲ አዙረህ የጀርባውን አጫውተው» አሉኝ። ፋይል ላይ የሌለው ነገር ይኸው ነው፣ ጀርባ። እውነትም የጀርባው ይበልጥ ነበር፤ ሰባት ዓመት ስይዘው አንድም ቀን አዙሬ ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ለሰውየው «ገና አላየሁትም» በለው። በእውነት ገዢ ከሆነ ይጠብቃል። ሁሉንም አጥበህ ስማ፣ ወደ ስልክህም ቅዳው። ሁለት ሁለት ሆነው የተደገሙና አንተ የማትወዳቸው ይኖራሉ፤ ማጫወቻውን በእነሱ ግዛ። የወረቀቶቹን ፎቶ እዚሁ ለጥፍ፣ አብረን እናያለን። ወፍራሞቹን ግን እኔ ሳላያቸው ውሃም አታስነካቸው።