«ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትለፉት፦ ስለ አንጀት ፖሊፕና ካንሰር ጥያቄና መልስ

አሜሪካ በኢንዶስኮፒ (የውስጥ አካል በካሜራ ቱቦ በሚታይበት) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የምችላቸውን እነሆ።

ፖሊፕ ተገኘብህ ተባልኩ። ካንሰር ነው?
ብዙውን ጊዜ አይደለም፣ ተረጋጋ። ፖሊፕ በትልቁ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበቅል እባጭ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም። አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን ከተተወ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ወስዶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ደግነቱ ብዙውን ጊዜ እንደታየ ይነሳል። በኮሎኖስኮፒ ጊዜ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁ አንጀት ሲታይ፣ ሐኪሙ በቱቦው በኩል ቀጭን የሽቦ ቀለበት ያስገባል፤ እባጩን ሥሩ ላይ ሸምቀቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ማለትም የተቆረጠው እባጭ በላብራቶሪ ታይቶ የሚመጣውን፣ ሳትቀበል እንዳትቀር። ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ የሚወሰነው በእሱ ነው።

34 ዓመቴ ነው። ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ። ኪንታሮት ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ።
ሊሆን ይችላል። ግን ውስጡን ማን አየው? ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል። የእኛ ሰው ደም ሲያይ ወይ ኪንታሮት ነው ወይ አሜባ ነው ብሎ ፋርማሲ ይገባል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ደሙ ከተመላለሰ፣ የሰገራሽ ሁኔታ ከተለወጠ፣ ያለምክንያት ከከሳሽ ወይም በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ካለብሽ ኮሎኖስኮፒ ጠይቂ። «ገና ልጅ ነሽ» ብሎ የሚመልስሽ ካለ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። አሜሪካዊው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በአንጀት ካንሰር ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር።

እናቴ በ48 ዓመቷ በአንጀት ካንሰር ታመመች። እኔ መቼ ልመርመር?
በ38። እሷ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመሽ፣ ወይም በ40፣ ቀድሞ በመጣው። በቤተሰቡ የሌለበት ሰው እዚህ አሜሪካ በ45 ይጀምራል። ለወንድም እህቶችሽም ንገሪ። በሽታ መደበቅ እዚህ ላይ ሰው ያስጨርሳል።

የሰገራ ምርመራ አይበቃም?
በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገው የሰገራ ምርመራ ምልክት ለሌለውና በቤተሰቡ ለሌለበት ሰው፣ በየዓመቱ ከተደረገ፣ ጥሩ ነው። ደም ካሳየ ግን ኮሎኖስኮፒ ይከተላል። ደም በዓይኑ ያየ ሰው በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ። ለምርመራው ምን ልብላ?
እማማ፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑንና እንጀራውን ለጥቂት ቀናት ይተዉት። አሠር ያለው ምግብ አንጀት ላይ ይቀርና ካሜራው አያይም። ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ የጾም ናቸው፣ ያጠግባሉም። በመጨረሻው ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ፤ ቀይ መጠጥ አይንኩ። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለዎት ለሐኪሞቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ካንሰር ከሆነስ? ዕድሜ ልክ ሆዳችን ላይ የሰገራ ከረጢት ልንጠለጥል ነው?
ብዙ ሰው ከረጢት አያስፈልገውም፤ ለአንዳንዱም ጊዜያዊ ነው። ገና ካልተስፋፋ ቀዶ ጥገና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በአቅራቢያው ወዳሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ይጨመራል። ፊንጢጣ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ጨረር ከቀዶ ጥገናው በፊት ሊሰጥ ይችላል።